እቤት የሚሠራ የኖራ መበተኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ደሴ ዙሪያ፣ ደጋው ላይ ያርሳል። ከአራት ዓመት በፊት የማሳው አፈር አሲዳማ መሆኑ በምርመራ ታወቀና አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ገዛ። ሁለታችን በእጃችን በተንነው። ቀኑን ሙሉ በነጭ አቧራ ታፍነን ዋልን። ስንዴው ሲበቅል ግን አንዱ ቦታ ለምለም፣ አንዱ ቦታ ቢጫ ሆኖ አረፈው። መበተኛ ለመሥራት የተነሣነው ያኔ ነው። የመጀመሪያው አልሆነም። ሁለተኛው ግማሽ ሥራ ሠራ። አሁን የምንጠቀመው ሦስተኛውን ነው። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የኔ ማሳ ኖራ እንደሚያስፈልገው በምን አውቃለሁ?

በዓይን አይታወቅም። ሰብል የሚቀጭጭበት ምክንያት ብዙ ነው። አፈሩን አስመርምሩ። ደሴ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ናሙና አወሳሰዱን የቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ያሳያችኋል። ከማሳው ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቦታ አፈር ወስዳችሁ አንድ ላይ አደባልቁና ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ላኩ። ከአጥር ሥር፣ ፍግ ከተከመረበትና እሳት ከነደደበት ቦታ አትውሰዱ፤ ውጤቱን ያበላሸዋል።

ፒኤች (የአሲድ መለኪያው ቁጥር፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳዋል። ፎስፈረሱም ይታሰራል። በውድ የገዛችሁት ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይበላው እዚያው ይቀራል ማለት ነው። የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ የአሲድ ችግር እንዳለበት በተደጋጋሚ ይነገራል። ያ ማለት ግን የናንተም አለበት ማለት አይደለም። ዝናብ የሚበዛበት፣ ለዘመናት የታረሰ የደጋ ቀይ አፈር ለአሲድ ይጋለጣል። ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ቦርከና ዳር ያለውን ጥቁር ዋልካ ብታዩ፣ እንዲህ ያለ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ኖራ አይፈልግም። ሳይመረመር ኖራ መድፋት ገንዘብ ከማባከንም ያልፋል። ከመጠን በላይ ከሆነ ዚንክና ብረትን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ አይደርሱም። አንዴ የተበተነ ኖራ ደግሞ አይለቀምም።

ስንት ኩንታል ልበትን?

ልኩን የሚነግራችሁ ምርመራው ነው። ፒኤች ብቻውን አይበቃም። ላቦራቶሪው የአፈሩን ተለዋጭ አሲድ፣ ማለትም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ያለውን አሲድ፣ ለክቶ የኖራውን መጠን እንዲያሰላላችሁ ጠይቁ። ተመሳሳይ ፒኤች ያላቸው ሁለት ማሳዎች የተለያየ መጠን ሊፈልጉ ይችላሉ።

መጠኑን ካወቃችሁ በኋላ ያለው ሂሳብ ቀላል ነው። ይቺን አንዲት ነገር ያዙ፦ በሄክታር 10 ኩንታል ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 100 ግራም ነው። 20 ኩንታል ከተባላችሁ 200 ግራም፣ 30 ከተባላችሁ 300 ግራም። ለወንድሜ የተነገረው 30 ነበር። በኛ አገር አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሆነ ለአንድ ጥማድ 7 ኩንታል ተኩል ደረሰው።

አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 300 ግራም ኖራ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩት። ግቢያችሁ ውስጥ በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለኩና በሚዛን የተለካውን አልብሱት። ስስ ነጭ ሽፋን ነው፤ መሬቱ ከሥሩ ይታያል። እኛ በእጅ ስንበትን አንዳንዱ ቦታ እንደ በረዶ ከምረን፣ አንዳንዱን ጭራሽ ሳንነካው አልፈን ነበር።

ለቤት ቀለም የሚሆነው ኖራ አይሆንም?

ስሙ አንድ ሆኖ ነው እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። የእርሻ ኖራ ጥሬው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። የግንባታው በእሳት የተቃጠለ ነው። የተቃጠለው ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ኃይሉም ይበልጣል፦ ንጹሕ የድንጋይ ኖራን 100 ብንል ያልበረደው የተቃጠለ ኖራ 179፣ በውሃ የበረደው 135 ያህል ነው። በእርሻ ኖራ ልክ ብትበትኑት ከመጠን ያለፈ ይሆናል። እኔ ወደ መበተኛዬ አላስገባውም።

የገዛችሁት የእርሻ ኖራ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከሆነ አረፋ እያወጣ ይፍለቀለቃል። ልስላሴውንም በጣታችሁ እዩት። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ አፈሩ ውስጥ ለመሥራት ዓመታት ይፈጅበታል። እንደ ዱቄት የላመው ነው ቶሎ የሚሠራው።

በርሜል ቀዳድቼ ባንከባልለውስ?

የመጀመሪያው ሙከራችን ይሄው ነበር። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ በርሜል ዙሪያውን በትራፓኖ በሳሳነው፣ መሀሉ ላይ ዘንግ አሳለፍንበት፣ በአህያ አስጎተትነው። ደስ ብሎን ነበር። ሃያ እርምጃ እንደሄደ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ። አህያዋ ስትቆም ደግሞ በሥሩ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ሳይዘጉ ይቀሩና ኖራው አንድ ቦታ ይቆለላል። መዝጊያ የለው፣ መቆጣጠሪያ የለው። ዳገት ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ አንዱ ጫፍ ይሄዳል። አንድ ጎረቤታችን አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አሰመረ እንጂ መች በተነ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ማሳው ላይ ነጭ መስመር ብቻ ነበር የሚታየው።

በርሜሉን ለሁለት ሰንጥቆ እንደ ገንዳ መጠቀምስ ለሚሉኝም መልሴ ያው ነው። ሁለተኛው ሙከራችን እሱ ነው። የበርሜሉ ሆድ ክብ ስለሆነ ኖራው ጎንና ጎኑ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ መሀሉ ብቻ ይፈስሳል። አንድ ሰው በእንጨት እየገፋ አብሮ መሄድ ነበረበት።

እንግዲያው የቱ ቅርጽ ይሻላል?

ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ሣጥን። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ለዘብ ካሉ ዱቄቱ ይጣበቃል። የኛ ልክ ይሄ ነው፦ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የላይኛው አፍ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 12፣ ጥልቀቱ 45። በዚህ ልክ ጎኖቹ 67 ዲግሪ ገደማ ይቆማሉ።

ደስ የሚለው ነገር አንድ ላሜራ ይበቃዋል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግዙ። ለሁለቱ ጎኖች 49፣ 49 ሴንቲ ሜትር፣ ለወለሉ 12 ቁረጡ። ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወጣሉ። ከቀረው የሥሩ ተንሸራታች መዝጊያ ይወጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም በጠመኔ ሥላችሁ ጨርሱ። ብዙ ላሜራ የሚባክነው መጋዝ አንሥቶ ማሰብ ሲጀመር ነው።

ርዝመቱን ከአንድ ሜትር አታስበልጡ። ሰፊ ቢሆን ቶሎ ይጨርሳል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ደጋው ላይ ግን ማሳው በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ መተላለፊያውም ጠባብ ነው። ሁለት ሜትር የሆነ ነገር ይዛችሁ የት ትዞራላችሁ?

ሙሉ ቢሞላ ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ይይዛል። እኛ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ኩንታል፣ ማለትም ሁለት ባለ ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ብቻ ነው የምንጨምረው። የሚጎትተው እንስሳ ነው፤ ይታዘንለት።

ኖራው ተቋጥሮ አልወርድም ሲልስ?

ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ኖራ ከውስጥ ድልድይ ይሠራል። ከላይ ሙሉ ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ከሥር ባዶ ነው። መፍትሔው የሚያማስል ዘንግ ነው።

30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት በሣጥኑ ታችኛ ክፍል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለፍ። ይሄ ብረት የጎማዎቹም ዘንግ ነው። ጎማው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ሲቆም ይቆማል። ሌላ ሰንሰለት፣ ሌላ ጥርስ አያስፈልገውም። ዘንጉ ላይ ባለ 10 ቁጥር ፌሮ እየቆረጣችሁ እንደ ጣት በይዱ። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጣት። ጫፋቸው ከወለሉ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ።

መጀመሪያ ጣቶቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ በየድኳቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ኖራው ውስጥ ሲገቡ ጎማው ይንሸራተታል፤ አህያዋም ትቆማለች። በኋላ ፈትቼ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተራ በተራ እያዞርኩ በየድኳቸው። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ጉልበቱ ተካፈለ፤ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ድሮ ቋ! ቋ! ይል የነበረው አሁን እንደ ወፍጮ ይንሿሿል።

ጎማውን ከየት ላምጣ? ኩሽኔታስ?

ያረጀ የሞተር ሳይክል ጎማ ከነቸርኬው ጥሩ ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሣጥኑን ከመሬት ብዙም አያርቀውም። ኖራው ዝቅ ካለ ቦታ ሲወርድ አቧራው ይቀንሳል። የቸርኬውን መሀል ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ በዘንጋችሁ ልክ አስቦርቡት። የባጃጅ ጎማ የሞከረ ሰው አለ። ትንሽ ስለሆነ በታረሰ መሬት ላይ ይሰምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሁለቱንም ጎማ ከዘንጉ ጋር አትበይዷቸው። መዞሪያ ላይ አንዱ ጎማ ከሌላው በላይ ይሄዳል። ሁለቱም ከታሰሩ አንዱ መሬቱን እያረሰ ይጎተታል፤ ዘንጉም ይጣመማል። አንዱን በወፍራም ቡሎን ከዘንጉ ጋር እሰሩት፣ ሌላው በራሱ ይዙር። የታሰረው ጎማ ጥርሱ ያላለቀ ይሁን፤ ነፋሱንም ቀነስ አድርጉለት። መሬት ቆንጥጦ የሚይዘው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ኩሽኔታን (ዘንጉ የሚዞርበትን መቀመጫ) በተመለከተ፣ ግራሶ የተቀባ ክፍት ኩሽኔታ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የኖራ ዱቄት ግራሶው ውስጥ ይገባና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኩሽኔታዎቼ አንድ ወቅት አልጨረሱም። ገንዘብ ካላችሁ ሽፍን ኩሽኔታ ግዙ። እኔ አሁን የማደርገው የወይራ እንጨት ነው። የደረቀ ወይራ በዘንጉ ልክ ይበሳል፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ በለስላሳ እሳት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይቆያል፣ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ዘይቱን ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል። እሳት እንዳይነሣ ከቤት ራቅ ብላችሁ ሥሩት፣ ዘይቱንም አታፍሉት። ሲበላ በሌላ ትለውጡታላችሁ።

ቀዳዳዎቹ ምን ያህል ይሁኑ?

ወለሉ ላይ አሥር ቀዳዳ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ የእያንዳንዱ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር። ከወለሉ ሥር ደግሞ ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው ተንሸራታች ላሜራ ይገባል። ሲገጥሙ ክፍት፣ ሲዛነፉ ዝግ። በመሀል ያለው ሁሉ መጠን መቆጣጠሪያ ነው።

ሁለቱን ላሜራዎች ለየብቻ አትብሷቸው፤ አይገጥሙላችሁም። አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ በማሰሪያ ጠርቅሙና በአንድ ላይ ብሷቸው። ከዚያ የተንሸራታቹን ጫፍ ወደ ኋላ አውጡና እጀታ አድርጉለት፤ ከኋላ የሚከተለው ሰው በቀላሉ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መዞሪያ ላይ መዝጋት ልማድ ይሁን። በጣም የላመና የደረቀ ኖራ ዘንጉ ባይዞርም እንደ ውሃ ይፈስሳል።

መጠኑ ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቁኝ መበተኛ አሠርተው የሚሄዱ ሰዎች ያሳስቡኛል። ሣጥን መበየድ ማንም ይችላል። ሥራው ያለው ልክ ላይ ነው። ያልተለካ መበተኛ ከእጅ የሚለየው ስሕተቱን በፍጥነት በመሥራቱ ብቻ ነው።

እኛ የምናደርገው ይሄን ነው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን። ማሳው ላይ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር እንጎትተውና የሄደውን ርቀት በሜትር እንለካለን። ግቢ ውስጥ ሳይሆን ማሳው ላይ፣ ጭነቱ እንዳለ። ለስላሳ መሬት ላይ ጎማው ይንሸራተታል፤ ርቀቱ ይለያል። የኛ በ10 ዙር 19 ሜትር ሄደ። መበተኛው 1 ሜትር ስፋት ስላለው 19 ካሬ ሜትር ሸፈነ ማለት ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም ከሆነ፣ 19 ሲባዛ በ300፣ 5 ኪሎ ከ700 ግራም መውረድ ነበረበት።

ከዚያ ሣጥኑ ሥር ሸራ እናስርለታለን። እንደገና 10 ዙር ይሄዳል። ሸራው ላይ የወረደውን ኖራ እንመዝናለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክር 9 ኪሎ አለፈ። ተንሸራታቹን ዘጋ አደረግን፣ 4 ሆነ። ትንሽ ከፈት፣ 6። አምስተኛው ላይ ገባልን። እዚያች ነጥብ ላይ ላሜራውን በመጋዝ ጫር አደረግናት። ምልክቷ እስከ ዛሬ አለች።

አንድ ጊዜ በካሬ ሜትር 300 ግራም ከማውረድ ግን 150፣ 150 አድርጎ ሁለት ጊዜ መሄድ ይሻላል። አንዴ በርዝመት፣ አንዴ በወርድ። መጀመሪያ የሳተውን ሁለተኛው ይሸፍነዋል። እርከኑ ጠባብ ሆኖ በወርድ የማያስኬድ ከሆነ ሁለተኛውንም በርዝመት ሂዱ፤ መስመሩን ግን በግማሽ ሜትር አዛንፉ። ለአንድ ጥማድ በድምሩ 5 ኪሎ ሜትር መሄድ ነው። አብሽሩ፣ ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ ይደረሳል።

ኖራው ከሌላ ቦታ ሲመጣ፣ ወይ እርጥበቱ ሲለወጥ ልኩ ይለወጣል። አዲስ ጭነት በመጣ ቁጥር እንደገና መዝኑ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ነፋስና አቧራውን ምን ይሻለዋል?

ማለዳ ሥሩ። ደጋ ላይ ከረፋድ በኋላ ነፋሱ አይቻልም። ከሣጥኑ ሥር ዙሪያውን የሸራ ቀሚስ አድርጉለት፤ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቁም። ከሁሉም ማሻሻያ በርካሽ የተገኘውና ብዙ የጠቀመን ይሄ ነው። ጆንያ ሰፍቶ ማሰርም ይበቃል።

አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መነጽር አድርጉ። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጀሪካን ውሃ ማሳው ዳር ሳይኖር ሥራ አንጀምርም። የእንስሳውንም ዓይንና አፍንጫ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። የሣጥኑ አፍ ላይ የፌሮ መረብ በይዱበት። ሁለት ጥቅም አለው፦ ጓሉን ያስቀራል፣ የልጅ እጅ ዘንጉ ጋ እንዳይደርስ ይከለክላል። ልጆች ይሄን ነገር ሲያዩ መንካታቸው አይቀርም።

የረጠበ ኖራ ቢሆንስ?

ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ እንቁላል ተያይዞ ከቀረ አይሆንም። ላስቲክ ላይ አስጥታችሁ አድርቁትና በወንፊት ንፉት። ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ዝናብ የመታው ኖራ ደርሶን ያውቃል፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። ስትጭኑ ሸራ አልብሱ፣ ስታራግፉ ከሥሩ እንጨት አንጥፉ።

መቼ ነው የሚበተነው?

ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ። ኖራ አፈር ውስጥ ራሱ አይሄድም፤ በተበተነበት ይቀመጣል። ስለዚህ ወዲያው በማረሻ መገልበጥና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ካለው አፈር ጋር ማደባለቅ ያስፈልጋል። በማረሻ አንድ ጊዜ አርሶ መተው አይበቃም፤ መስቀለኛ ይታረስ። በልግ የሚዘራ ሰው በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ፣ ለመኸር የሚያስብ በሚያዝያና በግንቦት ቢያደርገው ይመቻል።

ከዩሪያና ከሌላ ማዳበሪያ ጋር ቀላቅላችሁ እንዳትበትኑ። ናይትሮጅኑ በአየር ይጠፋል። መጀመሪያ ኖራው ገብቶ ይቀመጥ፣ ማዳበሪያው በመዝሪያው ጊዜ ይምጣ። ኖራ የማዳበሪያን ቦታም አይተካም። በየዓመቱ ግን አይበተንም፤ ሙሉ መጠኑ ከገባ ለጥቂት ዓመታት ይሠራል። ከዚያ እንደገና አስመርምሩ።

ድንች ልትተክሉ ከሆነ አስቡበት። ድንች አሲድን ይችላል፤ ኖራ በገባበት ዓመት ደግሞ ልጣጩ ላይ እከክ ይበዛበታል። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ናቸው ቶሎ የሚያመሰግኑት።

ገደል የሆነ ማሳ ላይ ይሠራል?

ተዳፋቱን ተከትላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አትሂዱ። አግድም፣ እርከኑን ይዛችሁ ሂዱ። በጣም ከቆመ ግን መበተኛውን ተዉት፤ ይገለበጣል። እዚያ ላይ በእጅ መበተን ነውር የለውም፣ ተለክቶ ከሆነ። ማሳውን በገመድና በችካል 10 ሜትር በ10 ሜትር ከፋፍሉት። በሄክታር 30 ኩንታል ከተባላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል 30 ኪሎ ይደርሰዋል። መዝናችሁ እያንዳንዱ መሀል አስቀምጡ፣ ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ እየሄዳችሁ በትኑ። ያኔ እኔና ወንድሜ ይሄን ብናውቅ ያ ስንዴ ዥንጉርጉር አይሆንም ነበር።

ፍግ፣ አመድና ማዳበሪያ ይበትናል?

ፍግ፣ አይበትንም። አመድ፣ አዎ፤ ከሰሉና ምስማሩ በወንፊት ከወጣ በኋላ። አመድ ራሱ አሲድ ይቀንሳል። ግን ቀላል ስለሆነና ኃይሉም ከኖራ ስለሚያንስ በኖራው ምልክት አይሠራም፤ ለብቻው መዝኑ። ማዳበሪያ ብረቱን ይበላዋል፤ እኛ አናስገባበትም።

ስንት ብር ይፈጃል?

የዛሬን ዋጋ ብነግራችሁ ለሳምንት አይሠራም። ዝርዝሩን ይዛችሁ ዙሩ፦ አንድ ላሜራ፣ ለመቀመጫው 4 ሜትር ገደማ ቱቦላሬ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ዘንግ፣ ጥቂት ፌሮ፣ ሁለት ያገለገለ ጎማ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ ኤሌክትሮድ። ቱቦላሬውንና ዘንጉን ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ብታገኙ ወጪው ብዙ ይቀላል። ላሜራው ላይ ግን አትሰስቱ። የዛገ ላሜራ ቢገዛ ኖራው እየተጣበቀበት ያሰለቻችኋል።

ከሥራ በኋላ እንዴት ላስቀምጠው?

ባዶ አድርጋችሁ ጥረጉት። ውስጡ የቀረ ኖራ እርጥበት ስቦ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አብሱ። ተንሸራታቹን አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። አንድ ክረምት ሳናወጣው ቀርተን በመዶሻ ነው የተለያዩት።

ለጎረቤት ማዋስስ?

አውሱ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፤ ለአንድ ቤት ብቻ መሥራቱ ያሳዝናል። ወንድሜ ጋ በወረፋ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ግን ተውሶ የወሰደ ሰው በኛ ምልክት ሌላ ዓይነት ኖራ በትኖበት ማሳው ግማሽ ሳይደርስ ኖራው አለቀበት። ከዚያ ወዲህ መበተኛውን ስናውስ ሚዛኑን፣ ሸራውንና ጠመኔውን አብረን ነው የምንሰጠው። የመጀመሪያዎቹን 10 ዙሮች ደግሞ ወንድሜ አብሮ ሄዶ ይመዝንላቸዋል።